ወተቴን ማን ጠጣው?

በዚያ ጊዜ ልጄ ሐያት አራት ወር አልሞላትም ነበር። ከእሷ በፊት የወለድኩት ወንድ ልጅ ገና ቁጭ ማለት ሲጀምር በተቅማጥ ሞቶብኛል። ከዚያ ወዲህ እናትነቴ ቀርቶ ዘበኛ ሆኛለሁ ማለት ይቻላል። ውሃ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፣ ጠርጥሬ ደግሜ አፈላለሁ። ጎረቤት ሐያትን ልቀፋት ሲለኝ ከፊቱ በፊት እጁን አያለሁ። ባለቤቴ ሰይድ ከገበያ ሲመለስ ሳይታጠብ እንዳይነካት በር ላይ ጆግ ይዤ እጠብቀዋለሁ። «ሚስት አገባሁ ብዬ ኬላ አገባሁ» እያለ ለጓደኞቹ ያማኛል።

ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን። ሰይድ መቐለ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ይነግዳል፤ እኔ ሓወልቲ ከሚባለው የሰማዕታት ሐውልት በታች በተከራየናት ቤት በር ላይ ቅመማ ቅመም አስቀምጬ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ትግርኛውን ከጎረቤት ጋር ስኖር ለመድኩት፤ ማንበብና መጻፍ ደግሞ ስለምወድ አልጠፋብኝም።

አንድ ቀን የሚያጠቡ እናቶች ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራን። ስብሰባ አልወድም። ይሁን እንጂ የሕፃናት ጉዳይ ነው ስለተባለ ሐያትን አዝዬ ሄድኩና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገሩ ካላማረኝ ቶሎ ለመውጣት ነው።

መድረኩ ላይ የነበረችው ዶክተር ሰናይት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ናት። ነጭ ጋውን አልለበሰችም። መጀመሪያ በትግርኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገረች። ልጆቻችን ለምን በዕድሜያቸው ልክ እንደማያድጉ ማወቅ ፈልገው የእናት ጡት ወተት እያጠኑ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ መብራት አስጠፍታ የአንድ ጠብታ ወተት ምስል ግድግዳው ላይ አሳየችን። ክብ ክብ ነገሮች፣ ትልቅም ትንሽም፣ ተጠጋግተው ይታያሉ።

«ይንቀሳቀሳል!» አለች አንዷ።

«ትል ነው እንዴ?» አለች ሌላዋ።

«ቅባት ነው» አለች ዶክተር ሰናይት፤ «ልጆቻችሁን የሚያወፍረው እሱ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ታዲያ ንጣችሁ ቅቤ ልታወጡለት ነዋ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዶክተሯም ሳቀች። ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችን፤ ይህን አልክድም። ስማችን እንደማይወጣ፣ ምርመራው እንደማያም፣ ካልፈለግን እንቢ ማለት እንደምንችል ሁሉንም ነገረችን። ጥያቄ ስትል እጄን አነሳሁ።

«ከእኛ ከወጣ በኋላ የሰው አፍ ይገባል?»

«የማን አፍ ይገባል ሓፍተይ?» አለች። እህቴ ማለቷ ነው። «የሚጠጣው ማሽን ነው!»

ደግሞ ተሳቀ። እኔም ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ። ለምን እንደጠየቅሁ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ለማያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ልናገር። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ አንዲት ሴት የሌላ ሰው ሕፃን ካጠባች ሕፃኑ ለልጆቿ ወንድም ወይም እህት ይሆናል። እንደ ሥጋ ወንድምና እህት መጋባት የለም። ስለዚህ እናቶቻችን ለጎረቤት ልጅ ጡት ሲሰጡ ሰው ያስመሰክራሉ፤ ማን ከማን እንደጠባ ሰፈሩ ያውቃል። እኔም አገሬ ላይ የጡት ወንድም አለኝ፤ ሳገኘው እንደ እናቴ ልጅ ነው የማቅፈው። ወተት ከሴት ወጥቶ የት እንደገባ ካልታወቀ ግን ነገ ልጄ የምታገባው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ማሽን ነው የሚጠጣው ስላለች አመንኳት። ለመስጠትም ተስማማሁ። ማታ ለሰይድ ስነግረው «ለእኔ ሻይ ላይ ጠብታ ወተት የምትሰስቺ ሴት ለመንግሥት ልታጠጪ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ።

የሰጠነው በሰፈራችን በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ጎረቤቴ ለምለም፣ እና ወይንሸት የምትባል የወታደር ሚስት። ወይንሸትም ሴት ልጅ ነበረቻት፤ የሐያት እኩያ። ለምለም ከትናንት የሚካኤል ዝክር የተረፈ ዳቦ ይዛ መጥታ ተራ ስንጠብቅ ቆርሳ አካፈለችን። ሦስታችንም በየተራ መጋረጃ ጀርባ እየገባን በእጃችን አልበን በትንንሽ የላስቲክ ብልቃጥ ሰጠን። ሲስተር አልጋነሽ፣ ሐያትን ያዋለደችልኝ ነርስ፣ ብልቃጦቹን ተቀብላ ፍሪጅ ውስጥ ደረደረቻቸው።

«እስከ መቼ እዚህ ይቆያል?» አልኳት።

«ነገ ጠዋት መኪና ይወስደዋል። አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ አያልቅም!»

ከዚያ በኋላ ረሳሁት ብል ይሻላል። የሐያት የክትባት ቀን ደርሶ እንደገና ጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ላይ እስክቀመጥ ድረስ።

አጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ። ገና የተወለደ ልጅ ነው፤ ጭንቅላቱ ብቻ ከነጠላው ወጥቶ ይታያል። ለተብርሃን እባላለሁ አሉኝ፤ እኔም እንደ አገሩ ኣደይ፣ እናቴ፣ እላቸው ጀመር። በትግርኛ ነበር የምናወራው።

«ያንቺ ስንት ወሯ ነው? ወፍራም ናት፣ ማሻ ኣላህ በይ» አሉና ሳቁ። ሙስሊም መሆኔን ከአለባበሴ አይተዋል።

«የእርስዎስ? የልጅ ልጅ ነው?»

«የልጄ ነው። ስም የለውም፤ ክርስትና ገና ነው። እናቱ እንደወለደችው ደም አልቆም ብሏት በአምቡላንስ ዓይደር ሆስፒታል ወሰዷት። እኔ ይህን ይዤ እዚህ ቀረሁ። አሁን ተመስገን፣ ተሽሏት ወጥታለች። ያን ቀን ግን! ይጮሃል፣ አፉን ይከፍታል፣ የሚሰጠው የለም። የዱቄት ወተት ፍለጋ ሰው ብልክ ባዶ እጁን ተመለሰ።»

«ታዲያ እንዴት አደረጉት?»

«ሲስተር ትባረክ! ከፍሪጅ ወተት አውጥታ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርጋ ለብ ሲል በማንኪያ በማንኪያ አጠጣችልኝ። የላም እንዳይሆን ብዬ ስጠይቃት የሰው ነው አይዞሽ አለችኝ። መንግሥት ለእንዲህ ያለ ቀን ሴቶችን እያሳለበ ያስቀምጣል ለካ። ጥሩ ነገር ነው።»

 «መቼ ነው የተወለደው?» አልኩ።

«የሚካኤል ማግስት።»

የክርስቲያን በዓል አልቆጥርም። የለምለምን ዳቦ ግን አልረሳሁም።

ሕፃኑን አየሁት። በእንቅልፉ ከንፈሩን እንደሚጠባ ያንቀሳቅሳል። ከአነጋገራቸው ወንድ መሆኑ ቢገባኝም ላረጋግጥ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ፤ ቢሆንም ጠየቅሁ። ወንድ ነው። ሐያትን ይበልጥ ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። ኣደይ ለተብርሃን ወሬያቸውን ቀጥለዋል፤ እኔ ግን መስማት አቁሜ የማስበው ሌላ ነበር። ሲስተር ፍሪጅ ውስጥ ሌላ ወተት ነበራት? ከእኛ ሌላ የሰጠ ነበር? ወይስ ጥናቱ ራሱ ማታለያ ነው? ምናልባት ከመጀመሪያው የሚፈልጉት ወተቱን ለልጆች ለማከፋፈል ሆኖ፣ እንቢ እንዳንል ማሽን አሉን ይሆን?

ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ሲስተር አልጋነሽ መርፌ እያዘጋጀች ነበር።

«ሲስተር፣ ያን ቀን የሰጠነውን ወተት መኪናው ወሰደው?»

«ወሰደው።»

«ሙሉውን?»

መርፌውን ከክትባቱ ጠርሙስ ሳታወጣ ቀና አለች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ደጅ ያሉት ኣደይ ሲስተር ለልጁ የሰው ወተት ሰጠችው እያሉ ነው።»

«እ… የዱቄት ወተት ነው። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው እንደዚያ ያልኳቸው።»

«የዱቄት ወተት ጠፍቶ ነበር ብለውኛል።»

«ከድጃ፣ ልጅሽን ልታስከትቢ ነው ወይስ ልትመረምሪኝ ነው የመጣሽው? ደጅ ሰው ተሰልፏል።» እጇን ዘረጋች።

ሐያትን አልሰጠኋትም። በዚያች ደቂቃ ያየሁት የሚዋሸኝን ሰውና እጁ ላይ ያለውን መርፌ ነው። ክትባት ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ስለ ወተት ያልታመነ እጅ ስለ መርፌ እንዴት ይታመናል? ልጄን በነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ለሰይድ ደወልኩ። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ቀጥሎ «ተይው» አለኝ።

«ምን ማለት ነው ተይው?»

«ከሐኪም ጋር አትጣይ ነው የምልሽ። እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን። ነገ ሐያት ብትታመም የምትወስጃት እዚያው ነው። አንድ ማንኪያ ወተት ነው፤ አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል፣ ሰይድ። የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ያኔ ትዝ ያለኝ ዶክተር ሰናይት ስብሰባው ላይ ያደለችን ካርድ ነው፤ «ጥያቄ ካላችሁ በዚህ ደውሉ» ብላ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ስልክ ለይስሙላ የሚታደል ይመስለኝ ነበር፤ ማን ይደውላል፣ ማንስ ያነሳል? ሁለቴ ጠርቶ አነሳች።

ነገሩን ጨርሼ ሳልነግራት «ሲስተር ምን አለችሽ?» አለች።

«የዱቄት ነው አለችኝ።»

«እዚያው ጠብቂኝ። ማንንም አታናግሪ።»

ይህ «ማንንም አታናግሪ» የሚለው ቃል አስጠረጠረኝ። ልትደብቀው ነው አልኩ። ስለዚህ በተቃራኒው አደረግሁ፤ ተመልሼ ኣደይ ለተብርሃን አጠገብ ተቀመጥኩና ልጁ ተከትቦ ሲጨርስም እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። «ስለ ወተቱ ዶክተር መጥታ የምትናገረው አለ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ሆነ? ወተቱ በሽታ አለው?» አሉ። አላውቅም አልኩ፤ እውነቴን ነበር።

ዶክተር ሰናይት በባጃጅ መጣች። እኔንና ሲስተር አልጋነሽን አንዲት ጠባብ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ሲስተር ከመቀመጧ በፊት «ሰጥተሻል?» አለቻት።

ሲስተር እኔን አየችኝ። እኔም «እኔ ሲስተርን ለመክሰስ አልመጣሁም» አልኩ። «የማን ወተት እንደሆነ ብቻ ይነገረኝ። የእኔ ነው? የለምለም ነው? የወይንሸት ነው?»

ሲስተር እንባዋ መጣ። «ምን ልስጠው ነበር?» አለች። «ስኳር በውሃ ልስጠው? ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ነበር እኮ። እናቱ ሄዳለች። ፍሪጁን ስከፍት ወተት ተደርድሯል። እዚያ ወተት እያለ አራስ ልጅ በረሃብ ሲጮህ ልይ?»

«ከየትኛው ብልቃጥ?» አለች ዶክተሯ።

«ከሦስቱም።»

«ምን?»

«አንዱን ባጎድል ስትለኪ ይታወቅብኛል ብዬ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ቀነስኩ። አንድ ላይ ቀላቅዬ ነው የሰጠሁት።»

ዶክተሯ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፤ ሦስቱ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ደማቸው ተመርምሯል ወይ፣ ልጁ ከዚያ ወዲህ ታሟል ወይ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለታችንም ፈርተናል፤ የምንፈራው ግን የተለያየ ነው። እሷ በወተቱ የሚተላለፍ በሽታ ትፈራለች። እኔ ደግሞ በወተቱ የሚተላለፍ ዝምድና።

«የሦስታችሁም ምርመራ ንጹሕ ነው» አለች በመጨረሻ ተንፍሳ። «ቢሆንም ልጁን እናስመረምረዋለን። ከድጃ፣ አመሰግንሻለሁ። አንቺን የሚያሰጋሽ ነገር የለም። ልጅሽን አይነካትም።»

«ይነካታል እንጂ። ወንድም ተወለደላት።»

አልገባትም። ከላይ ለእናንተ እንዳስረዳሁት አስረዳኋት። ስትሰማኝ መጀመሪያ ፊቷ ላይ ትዕግሥት ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ግንባሯ ተቋጠረ።

«ስብሰባው ላይ የጠየቅሽኝ ለዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳቃችሁ ነዋ።»

ሲስተር እንባዋን እየጠረገች «ልጁ እኮ ክርስቲያን ነው፣ የአንቺ ደግሞ እስላም» አለች። «መቼ ሊጋቡ ነው?»

«መቐለ ውስጥ ስንቱ እስላምና ክርስቲያን ተጋብቷል? አንቺው ስንቱን አዋልደሻል!» አልኳት። 

ዶክተር ሰናይት በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች። ቀጥሎ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚኝ ከድጃ። ለኣደይ ለተብርሃን ዛሬ እነግራቸዋለሁ፤ ልጁ የእነሱ ነው። ለለምለምና ለወይንሸትም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ውጭ ነገሩ እዚህ ይቁም። አዳራሽ ውስጥ ከተወራ አንዲት እናት እንኳ አትመጣልንም። ይህ ጥናት እንደ ሟቹ ልጅሽ ያሉትን ለማዳን ነው።»

ስለ ሟቹ ልጄ እኔ ነበርኩ መዝገብ ሲሞላ የነገርኳት። እሱን ማንሳቷ አናደደኝ፤ አስለቀሰኝም።

«ዶክተር፣ ጥናትዎ ይሙት አላልኩም» አልኳት። «ነገር ግን የጡት ዝምድና በአራት ሰው አይታወቅም። እኔ ብሞትስ? እርስዎ ወደ ሌላ አገር ቢሄዱስ? ሰፈሩ ካላወቀ ማን ለልጆቹ ይነግራል? ደግሞስ ሌላ ጤና ጣቢያ ሌላ ሲስተር እንዲህ አለማድረጓን በምን ያውቃሉ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ነው የያዛት መሰለኝ። ቀና ብላ ሲስተርን አየቻት። ሲስተር ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች።

ኣደይ ለተብርሃንን አስገባናቸው። ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እኔ እጁ በርበሬ እንደነካ ሰው እጄን የት እንደማደርግ ጠፍቶኝ ነጠላዬን እይዛለሁ እለቃለሁ። አሮጊቷ ሲሰሙ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። ቅድም ሲያጫውቱኝ የነበሩት ሴትዮ አልነበሩም።

«ክርስትና ያልተነሳ ልጅ» አሉ። «ያንቺን ጠጣ?»

«ከሦስታችን ነው ኣደይ። ሁለቱ ክርስቲያን ናቸው።»

«አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ያን ጊዜ ምን በልተሽ ነበር?»

«ምን?»

«ግመል በልተሻል?»

«ኧረ በአላህ ኣደይ! ግመል ከየት አመጣለሁ? ከዒድ ወዲህ የበግ ሥጋ እንኳ አልቀመስኩም። ሽሮ ነው የምበላው። ያን ቀን ጠዋት የሚካኤልን ዳቦ ነው የበላሁት።»

«የሚካኤልን ዳቦ?»

«የለምለምን ዝክር።»

ዶክተር ሰናይት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ኣደይ ግን አልሳቁም። ልጁን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቄሱን እጠይቃለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረው «ስላተረፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። መንግሥት ያስቀመጠው ነው ስል ዝም ያልሽው ግን አስቀይሞኛል» አሉ። ወጥተው ሲሄዱ እኔን አልተሰናበቱኝም።

በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ዶክተሯ ትናገር አትናገር አላውቅም ነበር። የጥናቱ ትልልቅ ሰዎች አብረዋት መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ በጆሮዋ ሲያናግራት፣ እሷም ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ አየሁ። በቃ ታፈነ አልኩ። ሐያትን አዝዬ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ካልተናገረች እኔ እናገራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

መብራት አላስጠፋችም። ስዕልም አላሳየችም። «ባለፈው አንዲት እናት ወተቱ የሰው አፍ ይገባል ወይ ብላ ጠይቃኝ ስቄባታለሁ» ብላ ጀመረች። «ገብቷል።»

አዳራሹ ተናወጠ። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ተነስቶ ሊያስቆማት ሞከረ፤ እሷ ግን ቀጠለች። ስም ሳትጠራ ሁሉንም ተናገረች። «ሌባ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሸጣችሁት ነው!» አለች ሌላዋ። ብዙዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ እየገፉኝ ነበር የሚያልፉት።

በመሀል ኣደይ ለተብርሃን ከፊት ረድፍ ተነሱ። መምጣታቸውንም አላየሁም ነበር። ልጁን ታቅፈውታል።

«ስም አትጥሪ አሉሽ መሰለኝ። እኔ እጠራለሁ» አሉ። «ልጁ ይኸው፤ የእኛ ነው። ቄሱ የእናት ወተት አያረክስም ብለውኛል። ካጠጡት አንዷ ያቺ በር ላይ የቆመችው ናት፣ የቅመም ነጋዴዋ። የእሷ ልጅና የእኔ ልጅ እንደማይጋቡ ሁላችሁም ስሙ፣ መስክሩ። ከዚህ በኋላ እኛ ሴቶች ሳናውቅ ከሰውነታችን የወጣ ነገር የትም እንዳይሄድ። አበቃሁ።»

ዶክተሯን ሊያስቆም የተነሳው ሰውዬ ተቀመጠ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ለምለም በማግስቱ ሰማች፤ «ታዲያ ሌላ ልጅ አገኘሁ» ብላ ሳቀች። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። ሲስተር አልጋነሽን ወደ ሌላ ቦታ ቀየሯት። እንዲቀይሯት አልጠየቅሁም፤ ሆኖም ሰፈሩ ውስጥ «ልጅ ያተረፈችውን ሴት አስባረርሽ» ያሉኝ አሉ። ለዚህ እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ የለኝም። በእሷ ቦታ ብሆን ፍሪጁን አልከፍትም ነበር? የምከፍት ይመስለኛል። ግን ዝም አልልም ነበር። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

ጥናቱ ለጥቂት ወራት ተቋርጦ በኋላ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ዶክተር ሰናይት ስብሰባ ስትጠራ አስቀድማ ሦስት አራት እናቶችን ለብቻ ታነጋግራለች፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከወተት በኋላ ስለ ደም መጡ፣ ስለ ውሃ መጡ። እኔም ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነው፦ ከዚያስ? ከእኛ ወጣ፣ መኪና ወሰደው፣ ከዚያስ? ማሽን ጠጣው፣ የተረፈውስ? የምትደፋው ማናት? የት ትደፋለች? አንዳንዱን አያውቁትም፤ ጠይቀው ይመጣሉ። አሁን አይስቁብኝም። እኔ ግን አሁንም አላምናቸውም ማለት እችላለሁ፤ ጠይቄ የማምነውን ያህል ብቻ ነው የማምናቸው። ቀድሞ ነጭ ጋውን ሳይ ወይ ያሉኝን ሁሉ እሺ እላለሁ ወይ እሸሻለሁ። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የተማርኩት ያኔ ነው። አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናቶች፣ ጥያቄያችሁ ቢያስቅም ጨርሱት። ምክንያታችሁንም ሳይጠየቅ ተናገሩ፤ የእኔ ጥያቄ ምክንያቱ አብሮት ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልሳቀ።

ሐያት አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ልጁ ፍጹም ተባለ። ዒድ ሲሆን ይመጣል፣ ጥምቀት ሲሆን ትሄዳለች፤ ሲጣሉ ይነካከሳሉ። ሁለቱም ያውቃሉ።

አንዲት የማታውቅ ግን አለች። ዶክተር ሰናይት ወይንሸትን ስትፈልጋት ባሏ ወደ ሌላ ጦር ክፍል ተዛውሮ ቤታቸውን ለቀዋል። ስልኳ አይሠራም። ዶክተሯ አገኛታለሁ ብላኝ ነበር፤ አላገኘቻትም፤ እኔም በየጊዜው ስጠይቃት አሁን መልስ መስጠት ትታለች። የእኔ ልጅና ፍጹም ቢጋቡ ስንት ሰው ጮሆ ያስቆማቸው ነበር። የወይንሸት ልጅ ግን እንደ ፍጹም ክርስቲያን ናት፣ በዕድሜ ትቀራረበዋለች፣ ወታደር ደግሞ ነገ ተመልሶ መቐለ ሊመደብ ይችላል። ማንም አያስቆማቸውም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሷ ነው።

ወይንሸት፣ የሚካኤል ማግስት አብረን ተራ የጠበቅን ከድጃ ነኝ። ምናልባት በእናንተ ዘንድ ይህ ዝምድና አይባል ይሆናል፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ሊነገርሽ ግን ይገባ ነበር። ልጁ ደህና ነው፣ አድጓል። ካንቺም ጠጥቷል።